ሰባተኛው ረድፍ

መጋቢት ነበረ፤ ሙቀቱ በርትቶ፣
ስጋት ስደረድር ሠንጠረዡ ሰፍቶ።
አንደኛው ረድፍ ሌባ፣ መብራት ሁለተኛ፣
ሦስተኛው የይለፍ ቃል፤ የሺሐረግ የእኛ፣
ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ከስክሪኗ አፋፍ
«ጣና አንድ ሁለት ሦስት» የሚል በቀይ ጽሑፍ
ለጥፋ ስላየሁ።
ከዚያ ቫይረስ፣ እሳት፣
ሽቦ የምትበላ አይጥ፤ በሰባተኛው ቤት
ጎርፍ።

ዕድልን በጉዳት ማባዛት ነው ሥራው፤
ስድስት ሰዓት ሲሆን ረሃብ ነው የመራው።
«ዝቅተኛ» አልሁና፣ ቃሏን ጻፍኋትና፣
ዓሣ ጉላሽ ልበላ ወጣሁ በጎዳና፤
በዘንባባው ጥላ፣ ሐይቁን በግራዬ፣
ሦስት መቶ እርምጃ ነው ከመቀመጫዬ፤
አላየሁትም።

አሠልጣኙ መጥቶ ጠይቆን ነበር፦
«ስንት ቀን መዘጋት፣ ሰው ሳይማረር?
የስንት ቀን መዝገብ ጠፍቶ ትቆማላችሁ?»
«የአንድ ቀን» ብለን ጻፍን። «ማንን ጠይቃችሁ?»
አላለንም እሱም።

ጋሽ ቢያድግልኝ ብቻ፣ በር ላይ የሚያድረው፣
ከደቅ ደሴት እህል በታንኳ ያሻገረው፣
መጠባበቂያው ዲስክ ከሰርቨሩ ሥር
መሳቢያ ሲገባ አይቶ እንዲህ ሲል ነበር፦
«ዘርና ቀለቡን ባንድ ታንኳ ጭኖ
ሐይቅ የገባ ገበሬ ይኖራል ለምኖ።»
ሣቅንበት። ምሳሌ ነው፣ ደስ ይላል፣ አልን።

ነሐሴ አሥራ ሁለት። ቦዩ በፌስታል
ተደፍኖ ኖሯል። ዝናቡ ይወርዳል።
ውሃው በር አላንኳኳ፣ የይለፍ ቃል አልጠየቀ፤
በመታጠቢያው ቀዳዳ ወጣና ዘለቀ፤
ሰርቨሩን አጠጣ፣ መሳቢያውን ሞላ፤
ዋናውን ከቅጂው ባንድ ጉርሻ በላ።

ሥራ አስኪያጃችን፣ ወይዘሮ እንጉዳይ፣
ሌላ ቅጂ ነበራት፣ ቤቷ ቁም ሣጥን ላይ።
በጸሎት ሰካነው። ተከፈተ፤ ደስታ!
ከዚያ ቀኑን አየን፦ ከመጋቢት ወዲህ ጸጥታ።
አምስት ወር ባዶ። ማንም አልሞከረውም፤
«ቅጂ አለን» ይባላል እንጂ፣ ማን ከፍቶ አያውቅም።

«ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ» ብለን በማጉያ
ባጃጅ ላይ ሆነን ዞርን ገበያ ለገበያ።
መጡ።
በመቀነት ቋጥረው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣
አንዷ ከዳዊቷ ውስጥ፣ ሌላው ከጣራ አውርደው፤
እኛ የሌለን ቅጂ በሺህ ቤት ተበትኖ
ሲጠብቀን ኖሯል፣ ሳንከፍለው ታምኖ።
አሥራ አንድ ቀን ጻፍን፣ ጣታችን እስኪያብጥ።
የሺሐረግ ሌሊት በሕልሟ ቁጥር ታምጥ፣
ባሏ ነው የነገረን።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በራችን ሊዘጋ፣
ጫንያለው አስጋሪው መስኮቱን ተጠጋ።
ደብተሩ ረጥቦ፣ ቀለሙ ተዋሕዶ
ሰማያዊ ደመና ሆኗል፣ ቁጥሩ ሄዶ።
«አራት ሺህ ሁለት መቶ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
ማስረጃ አልነበረም። መካጃም አልነበረም።

እንጉዳይ ዝም አለች። ቆርቆሮው ላይ ጠብታ።
ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችው በዝግታ፤
«እንዲህ ያለው ነገር፣ በእናንተ ትምህርት፣
ስሙ ምንድን ነው?» አለች።
«ስጋትን መቀበል ይሉታል» አልኳት።
ፈረመች።

አሁን ዓርብ ዓርብ ቅጂው ዘጌ ይሻገራል፤
ጋሽ ቢያድግልኝ ታቅፎት ጀልባ ላይ ይወጣል፤
በየወሩ አንዴ ሰርቨሩን ገድለን
ከዘጌ በመጣው ነፍስ እንዘራለን።
ሰባተኛው ረድፍ አሁን «ከፍተኛ» ይላል።
የይለፍ ቃሉ ወረቀት ከስክሪኑ ተነሥቷል
(መሳቢያዋ ውስጥ ነው፤ አይቻለሁ)።

የጫንያለው ገንዘብ ግን፣ ልክ ነበር ወይ ቁጥሩ?
ሐይቁ ያውቅ እንደሆን፣ ወይ መረቡ፣ ወይ ምድሩ፤
እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማለዳ ሲያልፍ
እጁን ያነሣል፤ አነሣለሁ።
ለእሱ የለኝም ረድፍ።